የመልመጃ ወረቀቱን ማን ይክፈል?

ባልባላ ያላችሁ፣ ካርቲየ ያላችሁ፣ አሊ አዴና ሆልሆል ካምፕ ያላችሁ፣ ደግሞም ከሩቅ ሆናችሁ ለእህትና ለወንድም ልጅ የትምህርት ገንዘብ የምትልኩ ዘመዶቻችን በሙሉ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሪሴትልመንት አይደለም። ስለ መታወቂያ እድሳትም አይደለም። ስለ ፎቶኮፒ ወረቀት ነው።

"መምህር፣ ሌላ ጉዳይ አለቀብህ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በዚህ ከተማ ልጆቻችን ከማታ ትምህርት የሚቀሩበትን ምክንያት ስከታተል ከወር ክፍያው ይልቅ ይቺ ወረቀት ብዙ ጊዜ ትመጣብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን ስደተኛ መምህራን በየሰፈሩ አንድ ክፍል ተከራይተን ማታ ማታ ማጠናከሪያ እንሰጣለን። ወላጅ በወር የተወሰነ ፍራንክ ይከፍላል። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ የሚጀምረው ልጁ የሚለማመድበት ወረቀት ሲመጣ ነው። የመልመጃ ጥያቄ የታተመበት ገጽ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተና ኮፒ፣ ለሙከራ የሚሰጥ ፈተና፤ ይህ ሁሉ በወር ክፍያው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈልበታል? አንዳንዱ መምህር "ውስጥ ነው" ይላል። አንዳንዱ በየገጹ ያስከፍላል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ይጀምርና በሁለተኛው ሳምንት ልጁን "ነገ የኮፒ ይዘህ ና" ብሎ ይልከዋል። ሰሞኑን በወላጆች መካከል ክርክር ስለተነሳና ሐሳቤን ስለጠየቃችሁኝ በግልጽ ልናገር፦ ወረቀቱ በወር ክፍያው ውስጥ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቴን ደግሞ አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቷ ምን እንደምትሠራ እንነጋገር። ሒሳብ በመስማት አይገባም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ያየ ልጅ ሁሉ "ገብቶኛል" ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እጁ ግን ገና አልለመደውም። የሚለመደው ራሱ ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ እንደገና ሲሞክር ነው። በእኛ ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ጫና አለ። አገር ቤት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጀምሮ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሮ የነበረ ልጅ እዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገባ ጥያቄው በፈረንሳይኛ ይጠብቀዋል። ስሌቱን ያውቀዋል፤ "ካልኩሌ" ሲለው አስላ፣ "ሬዙድር" ሲለው እኩልታውን ፍታ፣ "ዴሞንትሬ" ሲለው አረጋግጠህ አሳይ ማለቱ እንደሆነ ግን ካልለመደ ወረቀቱን ባዶ መልሶ ይወጣል። ይህን የሚያለምደው የመልመጃ ወረቀት ነው። ለ9ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ የጥያቄውን አነጋገር ደጋግሞ ማየት አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ ከትምህርቱ ጎን የሚቀመጥ ትርፍ ነገር አይደለም። የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ዋናው ነጥቤ ነው። በየገጹ ስታስከፍል ብዙ የሚከፍለው ማነው? ጎበዙ ልጅ 2 ወረቀት ሠርቶ ይጨርሳል። ያልገባው ልጅ አምስትና ስድስት ያስፈልገዋል። አንዱን ተሳስቶ ያበላሸዋል፣ ሌላ ይፈልጋል፣ እሱንም ግማሹን ይስታል። እንግዲህ በየገጹ የሚሰበሰብ ክፍያ ስሙ "የኮፒ" ቢባልም ሥራው የስህተት ቅጣት ነው። ልጁ በተሳሳተ ቁጥር እናቱ ትከፍላለች። ልጅ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ይህንን ቶሎ ያውቃል። ሲያውቅ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ መሞከር ያቆማል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቦታውንም መምህሩንም አልጠራም፤ መምህሩ ክፉ ሰው ስላልሆነ ስሙ ቢነሳ ተገቢ አይሆንም። በየገጹ ያስከፍል በነበረ አንድ የማታ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። እናቱ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድገው። የወር ክፍያውን አንድ ቀን እንኳ አሳልፋ አታውቅም። ወረቀት ሲታደል ግን ልጁ እጁን አይዘረጋም። "ይኼን አውቀዋለሁ፣ ሠርቼዋለሁ" ይላል። ጓደኞቹ ሲሠሩ እሱ ደብተሩን እያገላበጠ ይቀመጣል። መምህሩ "ይህ ልጅ ትዕቢተኛ ነው" ብሎ ነበር። ትዕቢት አልነበረም። እናቱን ሳንቲም ላለመጠየቅ የፈለሰፈው ዘዴ ነበር። በሦስተኛው ወር ቀረ። እናቱ በኋላ እኛ ጋ ስታመጣው እንዲህ አለችኝ፦ "መምህር፣ የወሩንስ አላጣሁም። በየቀኑ 'የኮፒ፣ የኮፒ' ሲባል ልጄ እያፈረ ነው የቀረብኝ። ድምሩን አንዴ ይንገሩኝ፣ እኔ እጣጣራለሁ።"

"ድምሩን አንዴ ይንገሩኝ።" ከዚህ የተሻለ ክርክር እኔ አላመጣም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት። እንበል የወር ክፍያው 3,000 ፍራንክ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ 15 ልጆች አሉ፤ አንድ ገጽ ኮፒ 20 ፍራንክ ነው። አንድ ልጅ በአማካይ በወር 40 ገጽ ይፈልጋል ብንል 800 ፍራንክ ይሆናል። ለ15ቱ ልጆች 12,000 ፍራንክ ማለት ነው። መምህሩ ከመጀመሪያው "ክፍያዬ 3,800 ፍራንክ ነው፣ ወረቀቱ በውስጡ ነው" ቢል ይህ 12,000 ይሸፈናል። ከኪሱ ምንም አይወጣም። አንዱ 60 ገጽ፣ ሌላው 20 ገጽ ቢጠቀም እርስ በርሱ ይቻቻላል።

በሌላው መንገድ ብንሄድስ? 3,000 ተብሎ ይጀመራል፤ የተቸገረው ልጅ በወር 10 ገጽ ብቻ ይወስዳል፤ 200 ፍራንክ። የተሻለ ኑሮ ያለው 60 ገጽ ይወስዳል፤ 1,200 ፍራንክ። ሁለቱም አንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ መምህር እየሰሙ አንደኛው የሌላውን ስድስት እጥፍ ይለማመዳል። በዓመቱ መጨረሻ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሲወድቅ "ጎበዝና ሰነፍ" እንላቸዋለን። የለም፣ አንዱ ወረቀት ነበረው፣ አንዱ አልነበረውም።

አሁን ደግሞ በእኔ ሐሳብ የማይስማሙትን ልስማ። ቁም ነገር አላቸው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ይለኛል፦ "አንተ የምትለው ጥሩ ነው፤ ግን እኔም ስደተኛ ነኝ። የቤት ኪራይ አለብኝ። ወረቀቱን ከክፍያው ላይ ሳነሳ ልጆቼ ምን ይብሉ?" ትክክል ነው። መምህሩ ይራብ ያለ የለም። እኔ የምለው ወረቀቱን ከመምህሩ ምግብ ላይ ቀንሱ አይደለም፤ ዋጋው ከመጀመሪያው ሙሉ ይነገር ነው። 3,000 ብሎ ተማሪ ስቦ ኋላ በኮፒ ከማሟላት 3,800 ብሎ መጀመር ለመምህሩም ይሻላል። በየማታው ከልጆች ሳንቲም የሚሰበስብ መምህር ክብሩም ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይባክናል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሩብ ሰዓት ለሳንቲም ቆጠራ ከሄደ ትምህርቱ ምን ቀረው?

ሁለተኛው ክርክር የጎበዝ ልጅ ወላጅ ነው። "የእኔ ልጅ 10 ወረቀት ይበቃታል። ለምን ለሌላ ሰው ልጅ ወረቀት እከፍላለሁ?" ይህም እውነት አለው። 600 ፍራንክ ልዩነት ከ3 ዶላር በላይ ነው፤ በእኛ ኑሮ ቀላል አይደለም። ግን ወገኖቼ፣ እኛ ዕድር ያለን ሕዝብ ነን። በየወሩ እናዋጣለን፤ ድንኳኑና ድስቱ በዚያ ይገዛል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ቤት ድንኳን ሲተከል "የድንኳን ኪራይ" የሚለው የለም። ዘንድሮ ሐዘን ያልደረሰበትም "መዋጮዬን መልሱልኝ" አይልም፤ ይልቅ "ተመስገን" ይላል። ልጇ በ10 ወረቀት የምታልፍላት እናትም እንዲሁ ተመስገን ትበል። በዚያ ላይ ጎበዟ ልጅ በቀረው ወረቀት ከበድ ያለ ጥያቄ ይሰጣት፤ የከፈለችው ባዶ አይሆንም።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። የቀን ሥራ የሚሠራ አባት እንዲህ ይላል፦ "ለእኔ በቀን 40 ፍራንክ ከኪሴ ማውጣት ይቀለኛል። በወሩ መጀመሪያ 800 ጨምር ስትለኝ ነው የማጣው።" አዎ። ገቢው በቀን የሚመጣ ሰው አንድ ላይ መክፈል ይከብደዋል። መልሴ፦ ዋጋው አንድ ይሁን፣ አከፋፈሉ ይከፋፈል። 3,800 ፍራንክ ለአራት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 950 ነው። አባትየው ሐሙስ ማታ ይክፈል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በሳምንት የሚከፍለው ወላጁ ለመምህሩ ነው። በየገጹ ሲሆን ግን የሚጠየቀው ልጁ ነው፣ ያውም ጓደኞቹ ፊት።

አራተኛው ከመምህሩ ወገን የሚመጣ አደጋ ነው፤ እሱንም አልደብቅም። "ሁሉም በውስጡ ነው" ያለ መምህር ወረቀት በቀነሰ ቁጥር ለራሱ ይተርፈዋል። 40 ገጽ ብሎ 15 ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ "ወረቀቱ በውስጡ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም። ስንት ገጽ እንደሆነ መነገር አለበት፤ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደግሞ የተሻለ። ወላጅም በወሩ መጨረሻ የልጁን ወረቀት ይቁጠር። ፈረንሳይኛ አለማወቅ አያግድም፤ ገጽ መቁጠር ቋንቋ አይፈልግም።

ከሩቅ ለምትልኩ ዘመዶች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ዋሽንግተን ሆናችሁ "ባለፈው ሳምንት ልኬ ነበር፣ ደግሞ የምን ኮፒ ነው?" የምትሉበት ስልክ ስንት ቤት ውስጥ ጥርጣሬ እንደፈጠረ እኔ አውቃለሁ። ልጁ ገንዘቡን የሚበላ ይመስላችኋል፤ ልጁ ደግሞ ታማኝነቱ ስለተጠረጠረ ይጎዳል። መምህሩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ "ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?" መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 የታሰረ ስለሆነ ምንዛሬው አያስቸግራችሁም፤ 3,800 ፍራንክ 21 ዶላር ከምናምን ነው። በዚያው ታቅዳላችሁ።

ደግሞ "በነፃ ተማርን" የምንለውን ታሪካችንን እናስታውስ። በቆሎ ትምህርት ቤት የኔታ ለትምህርቱ ክፍያ አይጠይቁም። ግን ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከቤት ቤት እየለመነ ነው የሚበላው። ጽሕፈት የሚማረው ደግሞ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፣ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፣ ብራናውን ከቆዳ ይፍቃል። ትምህርቱ ነፃ ነበር፤ ወጪው ግን ነበረ። የተሸከመው ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬና ውሻ የሚያባርረው ተማሪ ነው። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅም መሃይም የነበረው ወገን አልከፈለም፤ ግን ሕዝቡ በገንዘብም በጉልበትም አዋጥቶ ነው ዘመቻው የሄደው። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት አግኝቷል። አዲስ አበባም በቅርቡ ያየነው አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም ሲባል ኖሮ፣ ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት ያቃታቸው ልጆች ግን እቤት ይቀሩ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ደብተርና ዩኒፎርም፣ ምግብም ጭምር ሲያቀርብ ነው "ነፃ" የሚለው ቃል ለድሃው ልጅ ትርጉም ያገኘው። ከሦስቱም የምንማረው አንድ ነው፤ ወጪው አይጠፋም፣ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ጥያቄው ማን ይሸከመው ነው። ለብቻው አንድ ልጅ ነው ወይስ ሁላችን?

ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 ስለ ትምህርት ይናገራል። የመጀመሪያ ደረጃን በተመለከተ ስደተኛው እንደ አገሬው ዜጋ ይስተናገድ ይላል። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ በተቻለ መጠን መልካም መስተንግዶ ይደረግለት ብሎ፣ ከዝርዝሩ መካከል ከትምህርት ክፍያና ከሌሎች ተጨማሪ ክፍያዎች ነፃ ስለመሆን ይጠቅሳል። አስተውሉ፣ ሁለቱን ለየብቻ ነው የጠራቸው፤ ክፍያንም፣ ተጨማሪ ክፍያንም። የጻፉት ሰዎች በሩን ከፍተህ ደፉን ከፍ ብታደርገው ልጁ እንደማይገባ ያውቁ ነበር። ጅቡቲም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የትምህርት መብታችንን አውቃለች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የኢጋድ አገሮች ስለ ስደተኞች ትምህርት የተስማሙበት መግለጫም በዚህችው ከተማ ስም ነው የሚጠራው። ይህ ሕግ የማታ ማጠናከሪያ ክፍላችንን አያስገድድም፤ የግል ጥረት ነው። ግን እኛ መንግሥትንና ድርጅትን "ስውር ክፍያ አታብዙብን" እያልን በየስብሰባው ስንናገር በገዛ ክፍላችን ውስጥ ስውር ክፍያ ካለ አፋችን አይሞላም።

ስለዚህ ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። እኛ ክፍል የምንሠራበት ይኸው ነው፤ የሚሻል ካለ እናሻሽለዋለን።

1ኛ፦ በትምህርቱ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ሁሉ በወር ክፍያው ውስጥ ነው። የመልመጃ ወረቀት፣ ማርከር፣ የሙከራ ፈተና፣ የመብራትና የፋን ኤሌክትሪክ። በጅቡቲ ሙቀት ፋን ቅንጦት አይደለም፤ በሐምሌ ያለ ፋን የተቀመጠ ልጅ ምንም አይገባውም።

2ኛ፦ ልጁ ይዞት ቤቱ የሚሄድና የራሱ የሚሆን ነገር የወላጅ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ኮምፓስ፣ ካልኩሌተር። ይህንን መምህሩ አይሸጥም። ወላጅ የሚረክስበት ቦታ ይግዛ።

3ኛ፦ የገጹ ብዛት ይጻፍ። ከዚያ በላይ ቤት ወስዶ መሥራት ለሚፈልግ ልጅ ኮፒ ቤቱ በሚያስከፍለው ዋጋ ይሰጠዋል፤ መምህሩ አንድ ፍራንክ አያተርፍበትም።

4ኛ፦ የገንዘብ ነገር ከወላጅ ጋር እንጂ ከልጅ ጋር አይነጋገሩበትም። በልጅ እጅ "ይህን አምጣ" ተብሎ አይላክም።

5ኛ፦ ወረቀት መቆጠብን እናስተምር። በሁለቱም ገጽ ይታተም። ጥያቄው በአንድ ወረቀት ለሁለት ልጅ ይድረስ፣ መልሱ በደብተር ይሠራ። ወረቀቱን ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ከተን በማርከር ከላይ ይሠሩበትና በጨርቅ ይጠረጋል፤ አንዱ ገጽ ለብዙ ልጅ ያገለግላል። በዚህ መንገድ 40 የነበረው ወደ 25 ሲወርድ ክፍያውም አብሮ ይውረድ። የቆጠበው ልጁ ከሆነ ትርፉም የልጁ ይሁን።

ይህ ነገር የሒሳብ ትምህርት ብቻ አይደለም። ልብስ ስፌት የምታሠለጥኑ እህቶች፣ የመለማመጃ ጨርቁና ክሩ የማን ነው? ፀጉር ሥራ የምታስተምሩ፣ ሰልጣኟ እጇን የምትፈታበት ቅባትና ሻምፖ በክፍያው ውስጥ ነው? መኪና የምታለማምዱ ወንድሞች፣ ነዳጁስ? ሞተሩ ሲጠፋበት ደጋግሞ የሚያስነሳው ጀማሪ ነው ብዙ ነዳጅ የሚጨርሰው። በየሊትሩ ካስከፈላችሁት መሪውን ፈርቶ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ "ሁሉንም ጨምሮ ይህን ያህል ነው" በሉት፤ ከዚያ ሳይሳቀቅ ይሳሳት። መማር ማለት ይኸው ነው።

በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት አዲስ የማታ ቡድኖች ይጀምራሉ። ወላጆች፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው? በወር ስንት ገጽ ነው? መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በሰፈራችሁ ያለውን አሠራርና የኮፒ ዋጋ ከታች ጻፉልኝ፤ የሰውና የቦታ ስም ግን አትጥሩ፤ ማንንም ማሳፈር አልፈልግም። ከሁላችሁም የመጣውን አሰባስቤ ለወላጆች ስብሰባ አቀርበዋለሁ። በሐሳቤ የማትስማሙም ጻፉ፤ በተለይ የቀን ሥራ የምትሠሩ አባቶችና እናቶች፣ የሳምንት ክፍያው ይሠራል አይሠራም የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቸር ያሰማን።